ለአራሷ የወቀጥነው ቀሲል

ባለፈው ሳምንት ሻሽ ልገዛ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ገብቼ ነበር። ባለሱቋ ወጣት ልጅ ናት። እኔ ሻሽ ስመርጥ እሷ ከመደርደሪያው አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አውርዳ፣ ክዳኑን ከፍታ አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝ። «ይሄንንም ውሰጂ፤ ለፊትም ለፀጉርም ነው» አለችኝ። መልስ ልሰጣት አፌን ስከፍት አስነጠሰኝ። አንዴ ቢሆን ደግ፤ እየደጋገመ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር አስነጠሰኝ። ልጅቷ ሳቀች። «አየሽ! ያላስነጠሰ ቀሲል ምኑ ቀሲል ነው አቦ!»

እንባዬን በልብሴ ጫፍ ስጠርግ ከማስነጠሱ የመጣ መሰላት። መጀመሪያ እውነትም እሱ ነበር። ሻሹንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ቀሲል የቁርቁራ ቅጠል ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ ከዚያ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። ዛሬ የቆንጆ ሴት ፎቶ ተለጥፎበት በየሱቁ ተደርድሯል። በእኔ ልጅነት ግን በሰፈራችን በመጋላ ቀሲል የገዛች ሴት ሰነፍ ትባል ነበር። ዛፉ ከከተማው ዳር ቆሞ እያለ ምን ሲደረግ ይገዛል? እኛ ቤት ተገዝቶ አያውቅም። የምታመጣው እህቴ ነበረች።

እህቴ በዕድሜ በብዙ ትበልጠኛለች። በመካከላችን የተወለዱት አልሰነበቱም፤ ሁለት ሴቶች ብቻ ቀረን። አባታችን እኔ ጡት ሳልጥል ስለሞተ እናታችን የግመል ወተት እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ማለዳ ከገጠር ወተት ይዘው የሚመጡትን ሴቶች ለመቀበል ትወጣና የምትመለሰው ፀሐዩ አናት ላይ ሲወጣ ነው፤ ልብሷ የታጠነ የወተት ዕቃ ጢስ ጢስ እየሸተተ። ስለዚህ ያጠበችኝም፣ ያጎረሰችኝም፣ ፊደል ያስቆጠረችኝም እህቴ ናት። እናቴን ሆዮ እላታለሁ፤ በሶማሊኛ እናቴ ማለት ነው። እህቴን ደግሞ አባዮ። ቤታችን አንዲት ክፍልና አንዲት ጠባብ ግቢ ነበረች፤ ግንቧ በኖራ የተቀባ፣ ቀትር ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ። ሙቀት ሲጠና አልጋችንን አውጥተን እዚያው ግቢ እንተኛለን። የአባዮ ክንድ ትራሴ ነበር።

ወደ ቁርቁራው የምንሄደው ጁምዓ ጠዋት ነበር፤ ያን ቀን የመድረሳ ትምህርት የለኝም። አሸዋማውን ደረቅ ወንዝ ይዘን፣ ወደ ሐርላ በሚወስደው በኩል ሽቅብ እንወጣለን። ፀሐይ ገና ስላልበረታች አሸዋው ከላይ ቢሞቅም ከሥር ቀዝቃዛ ነው፤ ጫማዬን አውልቄ ጣቶቼን እቀብርበታለሁ። ከተማው ከኋላችን ድምፁ እየራቀ ይሄድና በመጨረሻ የሚሰማው የፍየሎች ጩኸትና የእርግብ ድምፅ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ቁርቁራዎቹ ይታያሉ፤ ቅርንጫፋቸው ወደ መሬት የወረደ፣ ጥላቸው ሰፊ፣ ሥራቸው በፍየል በጠጥ የተሸፈነ።

ሁለት ከረጢት ይዘን ነበር የምንሄደው። አንዱ ለፍሬው፣ አንዱ ለቅጠሉ። አባዮ በረጅም እንጨት ቅርንጫፉን ትመታለች፣ ፍሬው እንደ በረዶ ይወርዳል፤ እኔና ፍየሎቹ እንሻማለን። ትንሽ፣ ክብ፣ ቢጫ ወደ ቡኒ የሄደ፣ እንደ ደረቀ ፖም ያለ ጣዕም ያለው ፍሬ ነው። ሥጋው ስስ፣ የውስጡ ዘር ድንጋይ። ቅጠሉን ግን የምትለቅመው እሷ ብቻ ናት፤ እሾሁ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ እንደ መንጠቆ የታጠፈ። ቀጥ ያለው ሲወጋሽ ትሸሻለሽ፤ ስትሸሺ የታጠፈው ይይዝሻል። «ይሄ ዛፍ እንደ ሰው ቤተሰብ ነው» ትል ነበር እጇን እየመጠጠች፤ «አንዱ ያባርርሻል፣ አንዱ አይለቅሽም።»

ከዚያ ዛፍ ቤታችን ያልገባ ነገር የለም። ፍሬውን በጥሬው እንበላለን፤ የተረፈውን ጣሪያ ላይ አስጥተን፣ ደርቆ ሲሸበሸብ ሆዮ ወቅጣ ዱቄቱን ከገንፎ ትቀላቅለዋለች። ወተት ባልመጣባቸው ቀናት ያ ዱቄት ብዙ ሸፍኖልናል። እሾሃማ ቅርንጫፉ ድመት እንዳትዘል ከግንቡ አናት ላይ ይጋደማል። እባጭ የወጣበት ሰው ሲመጣ እርጥቡ ቅጠል ተጨቅጭቆ ይታሰርለታል። ቀሲሉ ደግሞ ለሁሉ ነው፤ ለፀጉር፣ ለፊት፣ ሳሙና ለሚያበላሸው የሐር ሻሽ፣ ቅባት ለያዘው የወተት ማጥለያ ጨርቅ። ሆዮ ጨርቁን በቀሲል አሽታ ግቢው ውስጥ ስትሰቅለው፣ ነፋስ ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ዝናብ እንደነካው አሸዋ ይሸታል።

ቅዳሜ ከሰዓት አባዮ ፀጉሬን ታጥበኛለች። ከጉልበቷ መሃል አስቀምጣኝ፣ ዱቄቱን በጎድጓዳ ሳህን በጥብጣ፣ አረንጓዴውን ሊጥ ፀጉሬ ላይ ትጭነዋለች። ቀዝቃዛ ነው፤ በአንገቴ ሲወርድ እጮኻለሁ። «ዝም በይ፣ ወላሂ ሰፈሩ የማርድሽ ይመስለዋል!» ትልና እሷው ከእኔ የበለጠ ጮኻ ትስቃለች። ሳቋን ልገልጸው አልችልም። ከጎረቤት የሚሰሙት ሴቶች ምን እንዳሳቃት ሳያውቁ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ሾፌሩ መጣ። ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከከተማው ወጣ ያለችው የቢዮ አዋሌ መንደር ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሲያወሩት መሬት መሬት የሚያይ። ሆዮ ዘንድ ወተት ሊገዛ ይመጣና ወተቱን ይዞ እዚያው ቆሞ ይቀራል። አባዮ መጀመሪያ ሰሞን ታሾፍበት ነበር። «ከእሱስ መኪናው ይሻላል፤ ቢያንስ ጥሩምባ አለው» ትለኝ ነበር። ኋላ ላይ ሹፈቷ ቀነሰ። ጥሩምባው ከመንገድ ሲሰማ ፀጉሯን ስታስተካክል አይቼ ነገሩ ገባኝ።

ተጋቡና ቢዮ አዋሌ ወሰዳት። ሩቅ አይደለም፤ ግን ለእኔ ያ መንገድ እንደ ባሕር ነበር። ያን ሰሞን አልጋችን ሰፋብኝ። ጁምዓም ባዶ ቀን ሆነ። ሆዮ አንድ ቀን ሳታስበው ለሦስት ሰው ምሳ አቀረበች። ሦስተኛዋን ሳህን አይታ ቆየችና ከሁለቱ ላይ ጨመረችው።

ደግነቱ ወሬው መጣ። አባዮ ነፍሰ ጡር ናት። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው፤ አራሷም እስከ አርባ ቀኗ ከእናቷ ቤት አትወጣም። በአርባኛው ቀን ፀጉሯ ይታጠባል፣ ሒና ትሞቃለች፣ ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል። ሆዮ ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ያየሁትን ብርሃን ከዚያ በፊት አላየሁትም። «ቀሲል ያስፈልገናል» አለች። «ብዙ፣ አዲስ፣ በደንብ የተነፋ።»

በማግስቱ ጁምዓ ወተቷን ለጓደኛዋ አደራ ብላ ከእኔ ጋር ወደ ቁርቁራው ሄደች። ሆዮ ገበያ ሳትሄድ የዋለችበት ሌላ ቀን ትዝ አይለኝም። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቅጠሉ ለምልሟል፤ ሲይዙት ያብረቀርቃል። ግን ሆዮ መልቀሙን አታውቅበትም! ያን ሁሉ ዘመን ያመጣች ልጇ ናት። እሾሁ ሻሿን ይዞ አልለቅም ሲላት፣ ወደ ኋላ ስትጎትት፣ ከፊት ሌላው ሲይዛት፣ እኔ አባዮ ያለችውን ነገርኳት፤ አንዱ ያባርርሻል፣ አንዱ አይለቅሽም። ቅርንጫፉ ውስጥ እንደተያዘች ሳቀች። ያኔ ነው የአባዮ ሳቅ ከማን እንደመጣ ያወቅሁት።

ቅጠሉን በጥላ አደረቅነው፤ ፀሐይ ከነካው አረንጓዴነቱ ይጠፋል። ሲደርቅ ሆዮ ሙቀጫውን ግቢ አወጣች። በየተራ ወቀጥን። አፍንጫችንን በሻሽ አስረን ነበር፣ ግን አልቀረልንም፤ እሷ ስታስነጥስ እኔ እስቃለሁ፣ እኔ ሳስነጥስ እሷ «ያርሐሙኪላህ» ትለኛለች። የተወቀጠውን በስስ ጨርቅ እየነፋን እንደ ዱቄት ሲልም፣ ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሞላነው።

አባዮ የመጣችው ገና ሙቀጫው ከግቢው ሳይነሳ ነው። ባሏ ከመኪናው ደግፎ አወረዳት። ፊቷ ሞልቷል፣ እግሯ አብጧል፣ ሆዷ ከእሷ ቀድሞ በሩን ገባ። ገና ከመግባቷ አስነጠሳት። አካባቢውን አየች፣ ሙቀጫውን አየች፣ አረንጓዴ የለበሰ ቅንድቤን አየች።

«ለእኔ ነው?»

«ለአርባሽ» አልኳት።

እጇን አናቴ ላይ አድርጋ ወደ ሆዷ አስጠጋችኝ። ውስጥ ያለው ልጅ ጉንጬን መታኝ፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

ያን ሳምንት ሙቀቱ ልክ አልነበረውም። አባዮ ቀትር ላይ ግቢው ጥላ ሥር ተቀምጣ ፀጉሯን በእጇ ታነሳለች፣ አንገቷን ታናፍሳለች። «ሆዮ» አለቻት አንድ ቀን፤ «ከዚያ ቀሲል ትንሽ አውጪና እጠቢኝ። ራሴ ነደደ። የአንቺ እጅ ይሻለኛል።»

«አሁን አይሆንም» አለች ሆዮ ወተት እያጠለለች። «ለአርባሽ ነው። ያኔ ሙሉውን እከፍትልሻለሁ፤ እስኪበቃሽ።»

«ትንሽ ብቻ እኮ ነው።»

«ያንቺ ነገር! አርባ ቀን ምን አላት? ነገ ማለት ናት።»

አባዮ ሳቀች፤ በውሃ ብቻ ራሷን አራሰች። ያን ጊዜ ነገሩ ከዚህ የዘለለ ትርጉም አልነበረውም። እናትና ልጅ ያወሩት ወሬ ነው። ዛሬ የገዛ ቤቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው፣ ሆዮ ምን ጥፋት ነበረባት? ምንም። ለልጇ የተሻለውን ቀን አቆየችላት።

ምጡ የመጣው ጠዋት ነው። ታክሲ ተጠርቶ ሆስፒታል ወሰዷት፤ ሆዮ አብራት ሄደች፣ እኔ ቤት እንድጠብቅ ተነገረኝ። ባሏ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ግቢውን ጠረግሁ፣ አልጋውን አነጠፍሁ፣ ውሃ ረጨሁ። የቀትሩ የዙሁር አዛን ከመሰማቱ በፊት የጎረቤታችን ሴትዮ እየሮጠች መጣችና «ሴት ናት! ሴት ልጅ! ደህና ናት!» አለችኝ። ዘለልኩ። ግቢው ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ደህና የተባለችው ልጅቷ ብቻ መሆኗን አላስተዋልኩም። ሴትዮዋም ያን ጊዜ አታውቅም ነበር።

የአባዮ ደም አልቆም አለ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ሆዮ እስከ ዛሬ የምትለው ይህንኑ ነው። ሰዓቱ ለአስር ሲቃረብ መኪና በራችን ላይ ቆመ። መጀመሪያ የወረደችው ሆዮ ናት፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ትኩስ ነበር፣ ይንቀሳቀስ ነበር። «ያዣት» አለችኝ። ከዚያ የሰፈሩ ወንዶች አባዮን ይዘው ገቡ፤ በእናቴ ሻሽ ተሸፍና።

ያቺው ጎረቤታችን በሰፈሩ የሞተችን ሴት ሁሉ የምታጥብ ነበረች። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ወንዶቹን አስወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ውሃ አስቀረበች። ጨዋ ሴት ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

«የቁርቁራ ቅጠል፣ ቀሲል፣ ከማን ቤት ላስመጣ?»

ለካ ለዚህም ይሆናል። የሞተ ሰው የሚታጠብበት ውሃ በቁርቁራ ቅጠል ይበጠበጣል፤ የሃይማኖታችን ሱና ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስንለቅም፣ ለፀጉር ለሻሽ ለእባጭ ስንል፣ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሆዮ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ ሄደችና ከአልጋው ሥር ቆርቆሮውን አወጣች።

«አለ» አለች። «የራሷ ነው።»

ሴትዮዋ ክዳኑን ከፍታ ጥራቱን ስታይ ለምን እንደተዘጋጀ ገባት። አፏን በእጇ ያዘች። ትንሽ ልትዘግን ስትል ሆዮ ከእጇ ወሰደችው፤ ሙሉውን ውሃው ውስጥ ገለበጠችው።

ሕፃኗን ለሌላ ጎረቤት ሰጥቼ ውሃ የማፈስሰው እኔ ሆንኩ። ሴትዮዋ «ልጅ ናት፣ ትውጣ» ብላ ነበር። ሆዮ ግን «ትቆይ፤ እህቷ ናት» አለች። አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሳ። ገላዋን ሴትዮዋ አጠበች፤ ፀጉሯን ግን ሆዮ ማንንም አላስነካችም። ጣቶቿን ከሥር ከሥሩ እያስገባች፣ ግንባሯን እያሻሸች፣ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከማጅራቷ። ዱቄቱ ክፍሉ ውስጥ ተኖ ስለነበር አስነጠሰኝ። «ያርሐሙኪላህ» ያለኝ አልነበረም።

ሆዮ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ዱዓ ታደርጋለች ብዬ ጠጋ ስል የምትለው ሌላ ነው። «ጠይቃኝ ነበር። ትንሽ ብቻ ብላኝ ነበር። እጠቢኝ ብላኝ ነበር እኮ።»

«እያጠብሻት አይደል እንዴ» አለቻት ሴትዮዋ። «በርጋታ እጠቢያት። ማንም አያስቸኩልሽም።»

ሆዮ በርጋታ አጠበቻት። ውሃውን አፍስሼ አፍስሼ ክንዴ ዛለ። በመጨረሻ ፀጉሯን በሦስት ጎንጉና ወደ ኋላ አደረገችላት፤ ይህም ደንቡ ነው። ከዚያ በነጩ ጨርቅ ሸፈኗት። የምሽቱ መግሪብ ሳይደርስ ወንዶቹ ተሸክመዋት ወጡ። እኛ ሴቶቹ አንከተልም። በር ላይ ቆሜ እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው፤ ጠባቡ መንገድ ላይ ወርቅማ አቧራ ነበር፣ ሕፃናት ኳስ መጫወታቸውን አቁመው ግድግዳ ተጠግተው ቆመው ነበር።

ባሏ የደረሰው በማግስቱ ነው። ጥሩምባውን ከመንገዱ ጫፍ ሲነፋ ሰማነው፤ የሰማው ልጅ መወለዱን ብቻ ነበር። በሩ ላይ ለአርባዋ እንድትለብሰው ከጅቡቲ የገዛላትን ስስ የድራዕ ቀሚስ በላስቲክ ይዞ ቆመ። የተሰበሰበውን ሴት አየ። ማንም አልነገረውም፤ እኛን አይቶ አወቀው። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ሕፃኗን ጎረቤት ጡት አጠባቻት፤ የቀረውን የግመል ወተት አሳደጋት። ሆዮ ከዚያ በኋላ ቀሲል ቤቷ አላስገባችም፤ ሻሾቿን እንኳ በሱቅ ሳሙና እያጠበች ቀለማቸውን አስለቀቀች። ሾፌሩ በመጣ ቁጥር ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣ ልጅቷን ያያል፣ እሷም ትደበቀዋለች። ጡት የጣለች ሰሞን መጥቶ መሬት መሬት እያየ «እናቴ ልጅቷን አምጣ ትላለች» አለ።

ሆዮ አልተከራከረችም። የአባት ወገን መብት አለው። ተነሥታ የልጅቷን ልብሶች አንድ በአንድ ማጠፍ ጀመረች። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ልጅቷን አጥብቄ ያዝኳት። እሱ የሆዮን እጆች ለረጅም ጊዜ አየ።

«ልብሷን መልሺው» አለ በመጨረሻ። «ከአንድ እናት ሁለት ጊዜ አልወስድም።»

ወጣ። መኪናውን አስነሥቶ ሲሄድ ጥሩምባ አልነፋም።

ልጅቷ ያለችው ከእኔ ጋር ሆነ። ገላዋን የማጥባትም፣ የማጎርሳትም፣ አዝዬ ወደ መድረሳ የምሄደውም እኔ ነበርኩ፤ ራሴም ልጅ ነበርኩ። አፏን የፈታችው ዘግይታ ነው። ሆዮ አፍራ ይሆናል፣ ወይም ታማለች እያለች ትጨነቅ ነበር።

አንድ ጠዋት ሆዮ ወደ ገበያ ልትወጣ ጀሪካኗን ወተት እየሞላች ነው፤ እኔ ግቢውን እየጠረግሁ። ልጅቷ ደፍ ላይ ቆማ፣ ጥርት አድርጋ «ሆዮ» አለች።

ሁለታችንም ዞርን። እጆቿን ዘርግታለች፤ የምታየው ግን እኔን ነበር።

መጥረጊያው በእጄ እንዳለ ቆምኩ። ወደ ሆዮ ዓይኔን ማንሳት ፈራሁ። ወተቱ ከጀሪካኑ አፍ ሞልቶ ሲፈስ ይሰማኛል። ልጅቷ ደገመችው።

«ሂጂ እንጂ» አለችኝ ሆዮ። «ትጠራሻለች።»

ክዳኑን ገጠመች፤ ጀሪካኗን አንሥታ ወጣች።